የመጀመሪያው መጽሐፍ ካለቀ በኋላ፦ ጥንታዊ ግሪክኛን ከመፍታት ወደ ማንበብ

ጥያቄ፦ «ጥንታዊ ግሪክኛን በግሌ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የጀማሪዎችን መጽሐፍ ከነመልመጃው ጨርሻለሁ፤ የስሙንም የግሱንም እርባታ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሆኖም የክሴኖፎንን አናባሲስ (የግሪክ ወታደሮችን ዘመቻ የሚተርከውን መጽሐፍ) ስከፍት አንድ ገጽ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ገጹ ሲያልቅም ትዝ የሚለኝ ታሪኩ ሳይሆን ያገላበጥኩት መዝገበ ቃላት ነው። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ግዕዝም ጥቂት እሰማለሁ፤ ግሪክኛውን የተማርኩት ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ሰዋስዉን እንደገና ልጀምር? ቃላት ላጥና? ወይስ በያዝኩት ልቀጥል? ምን ያህልስ ጊዜ ይፈጅብኛል?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ለሦስቱ ጥያቄዎችዎ አስቀድሜ በአጭሩ ልመልስ። ሰዋስዉን ከሀ ጀምረው አይድገሙ፤ የቃላት ዝርዝር ማጥናት ብቻውን አያወጣዎትም፤ በያዙት መንገድ መቀጠልንም አልመክርዎትም። እንደ ጻፉልኝ ከሆነ እስካሁን ሲሠሩ የቆዩት ፍቺ ነው፤ ንባብ ገና አልጀመሩም። ፈቺ እያንዳንዱን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ነቅሎ ሙያውን ይመረምራል፤ ከዚያም ግሱን ፈልጎ፣ ባለቤቱን አግኝቶ፣ ተሳቢውን ለይቶ፣ የተፈታታውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሥርዓት መልሶ ይገጥመዋል። አንባቢ ግን ቃሉን በመጣበት ተራ ይቀበላል፤ ያልገባውን በእንጥልጥል ይዞ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ዓረፍተ ነገሩም እስኪያልቅ ድረስ ይታገሣል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው የቱንም ያህል ቢበረቱ ሁለተኛው በራሱ ጊዜ አይመጣም።

ይህን የምለው ያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ስለማውቀው ነው። በተማሪነቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ በእያንዳንዱ የግሪክኛ ቃል ራስጌ የእንግሊዝኛ ፍቺውን በእርሳስ እጽፍ ነበር። ከዓመት በኋላ ያንኑ ገጽ ስከፍተው ዓይኔ በእርሳሱ ጽሕፈት ላይ ብቻ ሲሄድ፣ ግሪክኛው እንደ ሐረግ ጌጥ ከሥር ተዘርግቶ ቀርቶ አገኘሁት። ላጲስ አላዳነኝም፤ ሌላ ንጹሕ ቅጂ ገዛሁ።

ገጹ ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት አንደኛው ምክንያት የስሌት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ዲኪንሰን ኮሌጅ ያዘጋጀው የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር 500 ገደማ ቃላት ይዟል፤ እነዚህ ቃላት ከአንድ የተለመደ የግሪክኛ ጽሑፍ 65 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ወደ 80 በመቶ ለመድረስ ወደ 1,100 ቃላት ያስፈልጋሉ። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ሃያ ቃላት ባሉት ዓረፍተ ነገር ውስጥ 80 በመቶውን የሚያውቅ ሰው አራት የማያውቃቸው ቃላት ይገጥሙታል ማለት ነው። የንባብ ተመራማሪዎች ያለ እርዳታ ለመረዳት ከመቶው ቃል ከ95 እስከ 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ። በ80 እና በ95 መካከል ያለው ክፍተት ግን በብዙ ሺህ ቃላት ላይ የተበተነ ነው፤ አብዛኞቹም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይመጣሉ። ስለዚህ ክፍተቱን በዝርዝር ጥናት መሙላት አድካሚ ነው፤ የተጠናው ቃል እስኪመጣ ድረስ ይረሳል። እኔ የማውቀው መውጫ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ረጅም ጊዜ መቆየት ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ጓዳ አለው፤ በሠላሳ ገጽ ውስጥ የሚወድዳቸውን ቃላትና የአነጋገር ልማዱን ይዘው ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ በግማሽ ጊዜ ይነበባል። ሦስት ገጽ ከክሴኖፎን፣ ሦስት ከፕላቶ፣ ሦስት ከሆሜር የሚቃርም ተማሪ ግን ሁልጊዜ በአዲስ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እንግሊዝኛው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም የአማርኛ ተናጋሪ በእጁ ያለውን ብርቱ መሣሪያ ሳያውቀው የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። (የግሪክኛውን ቃላት በፊደላችን የምጽፈው በትምህርት ቤቶች በተለመደው አነባበብ ነው።) የጠፋውን ልጅ ታሪክ፣ ሉቃስ 15፥20ን ይክፈቱ፤ «ካይ አናስታስ ኤልቴን ፕሮስ ቶን ፓቴራ ሄአውቱ» ይላል። አናስታስ ግሪኮች ሜቶኬ የሚሉት ዓይነት ቃል ነው፤ ስሙ «መካፈል» ማለት ሲሆን ከግስም ከስምም ጠባይ ስለሚካፈል ነው እንዲህ የተባለው። የእንግሊዝኛው መማሪያ ይህን ቃል «ከተነሣ በኋላ» ወይም «ተነሣ እና» እያሉ እንዲፈቱት ያስተምራል፤ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶችም «ተነሣ፤ መጣም» ብለው በሁለት ሙሉ ግሶች ይሰብሩታል። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ተነሥቶም ወደ አባቱ መጣ» ይላል። ተነሥቶ፣ አናስታስ። ምንም የሚፈታ ነገር የለም፤ ቦዝ አንቀጻችን በትክክል ያንን ሥራ ይሠራል፣ በትክክል በዚያ ቦታ ላይም ይቆማል።

ጥቅሱ ይቀጥላል፤ «ኤቲ ዴ አውቱ ማክራን አፔኾንቶስ ኤይዴን አውቶን ሆ ፓቴር አውቱ»፤ እኛም «እርሱም ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየው» እንላለን። አውቱ እና አፔኾንቶስ ሁለቱም በዘርፍ ሙያ ተቀምጠዋል፤ የመማሪያ መጽሐፍዎ ይህን በአንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ አስፈሪ ስም ሰጥቶ ነው ያስተማረዎት። የሚናገረው ግን «ሳለ» የሚለውን ነው፤ የራሱ ባለቤት ያለው፣ ከዋናው ግስ ባለቤት የተለየ፣ ሁኔታውን ብቻ የሚያስቀምጥ ሐረግ። ከዚያ «ካይ ድራሞን ኤፔፔሴን ኤፒ ቶን ትራኼሎን አውቱ» ይመጣል፤ ሮጦም በአንገቱ ላይ ወደቀ። ድራሞን ማለት ሮጦ ማለት ነው። የአሁኑ ሜቶኬ ትሬኾን ቢሆን ኖሮ «እየሮጠ» እንል ነበር። ድርጊቱ ተፈጽሞ ያለፈበትንና በመካሄድ ላይ ያለበትን ልዩነት አማርኛ በየዕለቱ ይለያል፤ እንግሊዝኛ ለዚህ ብዙ ቃላት ያባክናል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ሲሮጥ አየው» ብንል ሯጩ ያየው ይሁን የታየው በአማርኛ አይለይም። ግሪክኛ ይለየዋል፤ ትሬኾን ካለ የሮጠው ባለቤቱ ነው፣ ትሬኾንታ ካለ የታየው ነው። ስለዚህ በሜቶኬ ላይ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጨረሻው ክፍለ ቃል ይሁን፤ የማን እንደሆነ የሚናገረው እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ተጨናነቁበት አናባሲስ እንመለስ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ «ዳሬዩ ካይ ፓሪሳቲዶስ ጊግኖንታይ ፓይዴስ ዲዮ፣ ፕሬስቢቴሮስ ሜን አርታክሴርክሴስ፣ ኔዮቴሮስ ዴ ኪሮስ»። በተማሩት ዘዴ ከሄዱ ግሱን ጊግኖንታይን ይፈልጋሉ፣ ባለቤቱን ፓይዴስን ያገኛሉ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ሁለቱን የዘርፍ ስሞች ያነሣሉ። በመጣበት ተራ በአማርኛ ቢሰሙት ግን «ከዳርዮስና ከፓሪሳቲስ ይወለዳሉ ልጆች ሁለት፤ ታላቁ አርታክሴርክሴስ፣ ታናሹ ደግሞ ቂሮስ» ይላል። የግሱ ቦታ ለአማርኛ ጆሮ ትንሽ ይጎረብጣል፤ ቢሆንም ማንም አይስተውም። ጥቂት ዝቅ ብሎ «ሆ ሜን ኡን ፕሬስቢቴሮስ ፓሮን ኤቲንካኔ፤ ኪሮን ዴ ሜታፔምፔታይ» የሚል ያገኛሉ። ታላቁስ እንደ አጋጣሚ እዚያው ነበረ፤ ቂሮስን ግን ያስጠራዋል። እባክዎ «ኪሮን ዴ»ን እና «ቂሮስን ግን»ን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቷቸው፤ ተሳቢው በምልክቱ ከፊት፣ ተቃራኒ አያያዡ ከኋላው፣ ግሱ መጨረሻ። እንግሊዝኛ ይህን ለማድረግ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ አለበት፤ እርስዎም ከእርሱ ጋር ሲገለብጡ ነው ሁለት ሰዓቱ የሚሄደው።

ሜን እና ዴ የሚባሉት ሁለት ቅንጣቶች ጀማሪን ያሰለቻሉ፤ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» ተብለው ስለሚፈቱ ጽሑፉን ሁሉ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ያስመስሉታል። ማቴዎስ 26፥41 ላይ «ቶ ሜን ፕኔውማ ፕሮቲሞን፣ ሄ ዴ ሳርክስ አስቴኔስ» ይላል፤ አማርኛው «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» ብሎ ተርጉሞታል። ያቺ በመንፈስ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች «ስ» ሜን ናት። ልክ እንደ ግሪክኛው ብቻዋን ቃል አትጀምርም፣ ሌላ ነገር እንደሚከተል ታሳውቃለች፣ ስትጠፋም ትርጉሙ ሳይሆን ቅላጼው ነው የሚጎድለው። ጋር፣ ኡን፣ ጌ፣ ዴ የመሳሰሉትን ቅንጣቶች ሁሉ በዚህ ዓይን ይዩአቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቋሚ ፍቺ አይሸምድዱ፤ «ኮ»፣ «ማ»፣ «ስ»፣ «እንግዲህ»፣ «እኮ» በአማርኛ የሚሠሩትን ሥራ እያሰቡ ድምፃቸውን ይስሙ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ቅንጣቶቹን ብቻ በጣትዎ እየተከተሉ ቢያነቡ የጸሐፊውን ክርክር አጥንት ያገኙታል።

ሌላም ስጦታ አለ። ግሪክኛ በመስተአምሩ (እንደ እንግሊዝኛው the ከስም በፊት በሚቆመው ቃል) እና በስሙ መካከል ረጅም ሐረግ ይሸጉጣል፤ «ሆይ ኤን ቴ ፖሌይ አንትሮፖይ» ማለት በከተማዋ ያሉት ሰዎች ማለት ነው። ቃል በቃል «እነዚያ በከተማዋ ሰዎች» ነው። ገላጩ ከተገላጩ በፊት ስለሚመጣ የእንግሊዝኛ አንባቢ እዚህ ይደነቃቀፋል፤ እኛ ግን «ትናንት ከገበያ የገዛሁት በግ» እያልን የኖርን ሰዎች ነን፤ ስሙ እስኪመጣ መጠበቅ አያስጨንቀንም። ስለዚህ መስተአምር ሲያዩ «ስም ይመጣል» ብለው ይያዙና ወደፊት ይሂዱ፤ ወደ ኋላ አይመለሱ።

አማርኛ የማይረዳባቸውን ቦታዎችም ልጥቀስ። በአናባሲስ መክፈቻ ላይ «ቶ ፓይዴ አምፎቴሮ» የሚል የሁለትዮሽ ቁጥር አለ፤ ለሁለት ብቻ የሚሆን ቅርጽ ነው፤ ባዩት ጊዜ ማወቅ ይበቃል፤ እርባታውን ለመሸምደድ ጊዜ አያጥፉ። የምኞት አንቀጹ፣ ኦፕታቲቭ የሚባለው፣ በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ብርቅ ሲሆን በክሴኖፎንና በፕላቶ ግን በየገጹ አለ፤ ይህን አንድ ምዕራፍ ብቻ ከሰዋስዉ ተመልሰው ቢያነቡ አይከፋም። ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን የማይመሳሰሉ የግስ ሥሮች ናቸው። በሉቃስ ላይ ያየነው «ኤይዴን» ማለት አየ ማለት ነው፤ የአሁኑ ቅርጹ ግን ሆራኦ ነው፣ የወደፊቱ ኦፕሶማይ። «ፌሮ» ማለት እሸከማለሁ ሲሆን ያለፈው ኤኔንካ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ኤኔንካን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ ያመሻል። እንዲህ ያሉ ጠማማ ግሶች ሃምሳ ወይም ስልሳ ቢሆኑ ነው፤ እነዚህንስ ይሸምድዷቸው፤ ሽምደዳ ዋጋውን የሚከፍልበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው። አብሮም በቅድመ ቅጥያ የተሠሩ ግሶችን መክፈት ይልመዱ፤ ኤፔፔሴን ማለት «ኤፒ» ላይ፣ «ኤ» የኃላፊ ጊዜ ምልክት፣ «ፔሴን» ወደቀ ነው፤ የጊዜው ምልክት በቅጥያውና በሥሩ መካከል ተሸጉጧል።

እንዴት ልሥራ ቢሉ፣ መልሱን በልጅነትዎ ያውቁታል። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ ያንኑ መልእክት ከቁጥር ጀምሮ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ እስከ ቁም ንባብ ድረስ ይመላለስበታል፤ ከዚያ ነው ዳዊት የሚገባው። አንድን ጽሑፍ አንዴ አንብቦ ማለፍ የሚባል ነገር በዚያ ቤት የለም። እኔም የምመክርዎት አናባሲስን ለጊዜው ዘግተው ከዚያው ከመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት እንዲጀምሩ ነው፤ በግሪክኛው ሐዲስ ኪዳን ውስጥ ከዚህ የሚቀልል መጽሐፍ የለምና። ጠቅላላው ከ2,200 ቃላት አይበልጥም፤ ቃላቱም ይመላለሳሉ፤ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ፍቅር፣ ዓለም፣ ማወቅ፣ መኖር።

የመጀመሪያው ዙር የፍቺ ነው፤ አሥር ቁጥር ይውሰዱ፣ ያልገባዎትን ሁሉ ይመርምሩ፣ የአማርኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ ከፍተው ያስተያዩ፤ በገጹ ላይ ግን ምንም አይጻፉ። ሁለተኛው ዙር በማግሥቱ ነው፤ ያንኑ አሥር ቁጥር ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ በዝግታ፣ ወደ ኋላ ሳይመለሱ ያንብቡት፤ የተረሳ ቃል ቢገጥምዎት ምልክት ብቻ አድርገው ይለፉት። ሦስተኛው ዙር ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያህል ይወጡታል፤ ትርጉሙም ያለ አማርኛ መምጣት ይጀምራል። ከጊዜዎ ሦስት አራተኛው ላነበቡት፣ አንድ አራተኛው ብቻ ለአዲሱ ይሁን። ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው ወደፊት እንደማይራመዱ ይፈራሉ፤ በተግባር የማየው ተቃራኒውን ነው።

ድምፅ ማውጣቱ ጌጥ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሮጦ ቀረበና ሲያነብ ሰማው ይላል፤ የጥንት ሰው በአብዛኛው በድምፅ ያነብ ስለነበር ነው የሰማው። ከዚያም «አራ ጌ ጊኖስኬይስ ሃ አናጊኖስኬይስ» ብሎ ይጠይቀዋል፤ በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን? የግሪክኛው ጨዋታ በትርጉም አይተርፍም፤ ጊኖስኮ ማለት አውቃለሁ ነው፣ አናጊኖስኮ ማለት ደግሞ አነባለሁ፣ በመጀመሪያ ፍቺው ግን አይቼ ለየሁት፣ መልሼ አወቅሁት ማለት ነው። ለግሪክ ሰው ማንበብ የሚያውቁትን ድምፅ ከጽሕፈቱ ውስጥ መልሶ መለየት ነበር። ያልተደጋገመ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይታወቅም።

አነባበቡን በተመለከተ ብዙ ክርክር አለ፤ ኤታ የምትባለዋን ፊደል «ኤ» ልበላት ወይስ እንደ ዛሬዎቹ ግሪኮች «ኢ»? አንዱን ይምረጡና ይጽኑበት። የቀድሞ አባቶቻችን ፓራክሌቶስ የሚለውን ጰራቅሊጦስ ብለው ሲወስዱት «ኢ» የሚለውን እንደሰሙ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የትኛውንም ቢመርጡ ከጥንታዊ ጆሮ ጋር አይጣሉም።

ከመልእክቱ በኋላ የዮሐንስ ወንጌል፣ ቀጥሎ ሉቃስ ይምጣ። ሉቃስ ላይ የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች ለመጨረሻ ያቆዩአቸው፤ አራቱም አንድ ረጅም፣ በሊቃውንት አነጋገር የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ወንጌሉን ጨርሰው ሲመለሱባቸው የደረሱበትን መለኪያ ይሆኑዎታል። እስከዚህ ድረስ ሐዲስ ኪዳኑን የመረጥኩልዎት ታሪኩን ስለሚያውቁት ነው፤ ይዘቱን ያወቁት ጽሑፍ የማያውቁትን ቃል ራሱ ይነግርዎታል። ያም ሆኖ አንድ ስውር አደጋ አለው፤ ጥቅሱን በቃልዎ የሚያውቁት ከሆነ ዓይንዎ ግሪክኛውን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ግዕዙም እንደዚሁ ነው። የግዕዝ ወንጌል ከግሪክኛ ተተርጉሞ ስለነበር ጓደኛ ይሆንዎታል፤ ነገር ግን የብራና ቅጂዎቹ ባለፉት ዘመናት ታርመዋል፣ ተለዋውጠዋልም፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ባዩ ቁጥር ግሪክኛውን ያነበብኩት ተሳስቼ ነው ብለው አይደምድሙ። ግዕዝ ለሚሰማ ሰው የምጨምረው አንድ ልዩ ንባብ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ 32 ምዕራፎች በ1886/87 እ.ኤ.አ. በግብፅ፣ በአክሚም መቃብር በተገኘ ቅጂ በግሪክኛ አሉ። ግሪክኛው ቀላል ነው፤ ጎን ለጎን ለማንበብም ይመቻል።

አናባሲስን ከዚያ በኋላ ይክፈቱት። ተማሪዎች የሚሰለቹበት የጉዞ ዝርዝር ለእርስዎ ዕረፍት ይሆንልዎታል፤ «ኤክሴላውኔይ ዲያ ቴስ ሊዲያስ ስታትሙስ ትሬይስ፣ ፓራሳንጋስ ኤይኮሲ ካይ ዲዮ»፤ በልድያ በኩል ሦስት ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ፓራሳንግ (የፋርስ የርቀት መለኪያ ነው) ይጓዛል። ይኸው ዓረፍተ ነገር ቁጥሩንና የአገሩን ስም እየለወጠ ደጋግሞ ይመጣል፤ ሦስተኛው ላይ እያነበቡ እንደሆነ ይገነዘባሉ። ሰባቱን ክፍል ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም። አንደኛውን ክፍል በሙሉ፣ ከዚያ ከአራተኛው ወታደሮቹ ተራራ ላይ ወጥተው «ታላታ፣ ታላታ» ባሕር፣ ባሕር እያሉ የሚጮሁበትን ምዕራፍ ያንብቡ። ከእርሱ ቀጥሎ የአቴናው ንግግር ጸሐፊ ሊሲያስ ለአንድ ባል የጻፈለት የመከላከያ ንግግር አለ፤ ሰውዬው በቤቱ ከሚስቱ ጋር ያገኘውን ኤራቶስቴኔስን ገድሎ ፍርድ ቤት የቆመበት ነው። ርዝመቱ 50 አጫጭር ክፍሎች ብቻ፣ ቋንቋው የተራ ሰው አነጋገር፣ ታሪኩ ደግሞ መጽሐፉን ለማስቀመጥ የማይመች ነው። ፕላቶ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ስለቆመበት ችሎት የጻፈው አፖሎጊያ ከዚያ በኋላ ይሁን፤ በእኔ አስተያየት በፕላቶ የሚጀምር ተማሪ ግማሹን ቀልድ ሳይሰማ ያልፈዋል።

ሆሜርን ለመጨረሻ ማቆየትዎ ግድ አይደለም፤ ነገር ግን ዘዬው የተለየ፣ ኢልያድ ብቻውን 15,693 ስንኝ ስለሆነ፣ ከገቡበት ለዓመት ሌላ ነገር ላለማንበብ ወስነው ይግቡ። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ 423ኛው ስንኝ ላይ ዜውስ ነቀፋ ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል የሚለውን ሲያገኙ ፈገግ ማለትዎ አይቀርም፤ ገጣሚው የሚናገረው በዓለም ዳርቻ ስላሉ ሩቅ ሕዝቦች እንጂ ዛሬ በምናውቀው አገር ድንበር ስላሉ ሰዎች እንዳልሆነ ግን ልብ ይበሉ።

የእኛን አገር ግሪክኛ ካሹ አክሱም አለልዎ። የዒዛና ድንጋይ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደል እና በግሪክኛ ተጽፏል፤ በግዕዙ መሕረም የተባለው አምላክ በግሪክኛው አሬስ ሆኖ ተተርጉሟል። በአራተኛው መቶ ዘመን የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ «ቱቶ አሬሴ ቴ ኾራ» የሚል አለ፤ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ። አራት ቃል ናት፤ የመማሪያ መጽሐፍዎ ምኞትንና ልመናን ለማስተማር ከፈጠራቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይልቅ ይህች ሳንቲም ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ስለ መሣሪያዎች ጥቂት ልበል። በ1843 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣውና ዘጠነኛው እትሙ በ1940 የተጠናቀቀው የሊደልና የስኮት ትልቁ መዝገበ ቃላት የሊቃውንት መሣሪያ ነው፤ ለአንድ ቃል ሁለት ዓምድ ያነብባሉ፣ ሲመለሱ ዓረፍተ ነገሩን ረስተውታል። ለእርስዎ በ1889 የወጣው መካከለኛው አጭር ቅጂ ይበቃል፤ አቅም ካለዎት በ2021 የታተመው የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ፍቺዎችን በግልጽ ስለሚያሰልፍ ይሻላል። በኮምፒውተር ላይ ቃሉን ሲነኩት ሙያውንና ፍቺውን የሚያሳዩ ጽሑፎች በመጀመሪያው ዙር ይረዳሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ግን በወረቀት ያንብቡ፣ ጣትዎ አእምሮዎን ይቀድመዋልና። በየቃሉ ሥር ፍቺ የተሰደረባቸውን መጻሕፍት ጨርሶ እንዲጠቀሙ አልመክርም፤ የእኔን የእርሳስ ጽሕፈት ያስታውሱ። ግሪክኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ የሆነባቸው አረንጓዴ የሎብ መጻሕፍት ግን በአግባቡ ከተያዙ መልካም ናቸው፤ ትርጉሙን አንድ አንቀጽ አስቀድመው ያንብቡት፣ በወረቀት ይሸፍኑት፣ ከዚያ ግሪክኛውን ብቻ ይያዙ።

የጊዜውን ጥያቄ በመጨረሻ የተውኩት የሚወሰነው በዕለቱ ልማድ ስለሆነ ነው። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጡ የሠሩ ተማሪዎቼ መልእክቱንና የዮሐንስን ወንጌል በስድስት ወይም በሰባት ወር ጨርሰዋል፤ ቅዳሜ ብቻ አራት ሰዓት የሚሠሩት ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ወንጌሉን አጋምሰው አያውቁም። አናባሲስ በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ ላይ ይጠብቅዎታል። ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት የፈጀብዎትን ያንኑ ገጽ ይክፈቱት፤ ሠላሳ ደቂቃ ከበቃው ይቀጥሉ፤ አሁንም ከሰዓት በላይ ከፈጀ ሉቃስን አንድ ጊዜ ደግመው ይመለሱ።